ኛማል ያልሸጠችው ዘይት

ኛማል ማረፏን በስልክ የነገረችኝ ታናሽ እህቷ ኛቦል ናት። ምስር እየለቀምኩ ነበር።

"ዘመድ ልትጠይቅ ማላካል ሄዳ አልነበር?" አልኳት፤ ሌላ የምለው ስላጣሁ።

"ሄዳ ነበር። እዚያ ታመመች። እዚያው ቀበሯት።"

ኛቦል ስልኩን ስትዘጋ ምስሩን መልቀም ቀጠልኩ። እስከ መጨረሻው ለቀምኩት። ብነሣ ለቅሶ መሄድ ይኖርብኛል፤ ከሄድኩ ደግሞ መናገር ይኖርብኛል። እጄ ይህን ከእኔ ቀድሞ ያወቀ ይመስለኛል።

ኛማል በጁባ ሐበሾች ዘንድ የተጭበረበረ ዘይት የሸጠች ሴት እንደተባለች ነው የሞተችው። አልሸጠችም። እኔ ይህን አውቅ ነበር። ለመጻፍ የተቀመጥኩትም ለዚህ ነው። ግን አስቀድሜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረች ልናገር፤ ሰው የሚያስታውሳት በዚያ ስም ብቻ እንዳይሆን።

ባለቤቴ ጌታቸው ጀበል ገበያ አጠገብ፣ ከተራራው ሥር፣ ጋራዥ ነበረው። ከጋራዡ ጎን እኔ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። አገር ቤት ሳለሁ አስተማሪ ነበርኩ፤ ብዕር መያዝ የለመድኩት ያኔ ነው። የኛማል ሱቅ ከእኛ ፊት ለፊት ነበር። ሱቅ ማለቴ አንድ አሮጌ ኮንቴይነር፣ ከፊቱ የሸራ ጥላ፣ ከጥላው ሥር በረድፍ የቆሙ የሞተር ዘይት ጋሎኖች ነው። ኛማል ኑዌር ናት። ጋምቤላ አድጋ፣ አዲስ አበባ ተምራ፣ አገሯ ነፃ ሲወጣ ተመልሳ መጣች። አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። ረጅም ነበረች፤ ወደ ኮንቴይነሯ ስትገባ ጎንበስ ትላለች፣ ስትወጣ ግን ትረሳውና ግንባሯን ከበሩ ብረት ጋር ታጋጨዋለች። ሳትጋጭ የዋለችበት ቀን ትዝ አይለኝም። "ይሄ በር ከእኔ ምን አለው?" ትላለች፤ ከበሩ ጋር ለብቻዋ ትጣላለች።

ትሁት አልነበረችም። ስለ ዘይት ከእሷ በላይ የሚያውቅ ሰው ጁባ ውስጥ እንደሌለ የምታወራው እሷው ራሷ ናት። ሁልጊዜ ትክክል ነበረች ማለት ግን አይደለም። ለምሳሌ በቢጫ ጋሎን የመጣ ዘይት አትሸጥም። ጌታቸው ዘይቱ ያው፣ ኩባንያውም ያው መሆኑን ጽሑፉን እያሳየ ሊያስረዳት ቢሞክር፣ "ቢጫ የበሽታ ቀለም ነው" ብላ ዘጋችው። መኪና መንዳትም አትችልም። ዕድሜዋን ሙሉ ለመኪና ዘይት ስትሸጥ ኖራ የምትሄደው በቦዳ ነበር፤ ሞተር ሳይክሉ ላይ ወደ ጎን ተቀምጣ፣ ጋሎኗን እንደ ሕፃን ታቅፋ። ጌታቸው በዚህ ሲያሾፍባት፣ "ሐኪም ሁሉ መታመም አለበት?" ትለዋለች።

ዘይት የምትመረምረው በጣቷ ነው። ከሞተሩ የተቀዳውን ጠብታ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ታሽና ታሸተዋለች። አዲሱንም እንዲሁ አድርጋ ስትጨርስ ጣቷን ፀጉሯ ላይ ትጠርጋለች፤ "ለምን ይባክናል?" እያለች። ለማንም ሰው ሳትጠይቅ ሸጣ አታውቅም። መኪና ሁሉ ለእሷ ሴት ነው። ስንት ዓመቷ ነው? ማን ይነዳታል? የት ነው የምትውለው? ናፍጣ ናት ቤንዚን? ሰዉ አንዳንዴ ይሰለቻል። "ዘይት ልግዛ እንጂ ልጅሽን ልጠይቅ መጣሁ እንዴ?" ብሎ የሄደም ነበር።

አንድ ቀን አንድ የባንክ ሠራተኛ ገና አዲስ በሆነች ትንሽ መኪና መጣ። ከእኛው አገር ነው፤ ምሳ እኔ ዘንድ ይበላ ነበር። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣

"ወፍራሙን ስጪኝ፤ ሃያ ሃምሳውን" አላት።

"ለምን?"

"ጁባ አይደለን እንዴ? ሙቀቱን አታዪም?"

"አንተ በሙቀት ካፖርት ትለብሳለህ?"

ጋራዡ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ሰውዬው አልሳቀም። ኛማል ኮፈኑን አስከፈተችውና ዘይት የሚሞላበትን ክዳን በጣቷ መታ መታ አደረገች። ክዳኑ ላይ ዜሮ ሃያ የሚል የቀጭን ዘይት ቁጥር ተቀርጿል።

"ይኸውልህ፣ የሠራት ሰው ጽፎልሃል። አዲስ ሞተር ውስጡ ጠባብ ነው። ወፍራሙ ዘይት ጠዋት ስትነሣ እስኪደርስላት ድረስ ብረት ከብረት ሲፋጭ ይቆያል። አርጅታ ውስጧ ሲሰፋ ያኔ ና፣ ወፍራሙን አስበንበት እሰጥሃለሁ።"

"ሌላ ቦታ እገዛለሁ።"

"ግዛ" አለችው። እሱ ሲሄድ፣ "ይመለሳል" አለችን። አልተመለሰም። ከዚያ ወዲያ ከእሷ ገዝቶ አያውቅም፤ ለእሱም ቢሆን በየመንገዱ ሰላምታ ከመስጠት አልቦዘነችም።

ሌላው ጠላቷ ቆሞ የሚሠራ ሞተር ነበር። የድርጅት ሾፌሮች አለቃቸው ስብሰባ ሲገባ አየር ማቀዝቀዣውን ከፍተው፣ ሞተሩን ሳያጠፉ፣ መኪና ውስጥ ይተኛሉ። ኛማል በዚያ ስታልፍ መስኮቱን ታንኳኳለች። "ያ አኹይ" ትለዋለች፣ ወንድሜ ማለቷ ነው፣ "ኪሎ ሜትሩ እንደ አንተ ተኝቷል፤ ዘይቱ ግን እየሠራ ነው።" እዚህ ከተማ ኪሎ ሜትር ቆጥሮ ዘይት የሚቀይር ሰው ራሱን ያታልላል ባይ ነበረች። አቧራው፣ ሙቀቱ፣ አጭር መንገዱ፣ ቆሞ መሥራቱ አይቆጠርም፤ ዘይቱ ግን አይረሳውም።

አሁን ወደምፈራው ነገር የምትወስደኝን አሠራሯን ልጻፍ። ኛማል የተዘጋ ጋሎን አንሥታ ለማንም አትሰጥም። ደንበኛው ይዟት ወደ ጋራዥ ይሄዳል፤ ወይም ጋራዡ እሷን ይጠራታል። ክዳኑን በሰው ፊት ትከፍታለች፣ ራሷ ትቀዳለች፣ ባዶውን ጋሎን ራሷ ትወስዳለች። ከዚያ ወገቧ ላይ የምታስራትን ትንሽ ቢላዋ አውጥታ ቁጭ ትልና የጋሎኑን ሆድ ከላይ እስከ ታች ትቀደዋለች። ሰዎች ባዶ ጋሎን እየገዙ፣ የተቃጠለ ዘይት አጣርተው ሞልተው፣ አሽገው እንደ አዲስ እንደሚሸጡ ሁሉም ያውቃል። እሷ የሸጠችበት ጋሎን ለዚያ እንዲውል አትፈልግም። እኔ አንድ ጊዜ፣ "እስቲ አንዱን ውሃ መቅጃ አድርጊልኝ" ብያት ነበር።

"ሙልዬ" አለችኝ፣ "ውሃ መቅጃ ከፈለግሽ ገዝቼ አመጣልሻለሁ። ይሄን ግን ተይኝ።"

በማግስቱ እውነትም አዲስ ጀሪካን ገዝታ አመጣችልኝ።

ጌታቸው ከእሷ በቀር ከማንም ዘይት አይገዛም ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲነካከሱ ይውላሉ። እሷ ጌትዬ ትለዋለች፤ እሱ የዘይት ሚኒስትር ይላታል። ጌታቸው ደግ ሰው ነበር። ይህን የምለው ሚስቱ ስለሆንኩ ነው፤ እውነት ስለሆነም ነው። ከዚህ ቀጥዬ የምጽፈውን የሚያነብ ሰው ይህንንም አብሮ ያንብብልኝ።

ዕድራችን አንድ ሚኒባስ አለው። በሽተኛ የሚያደርሰው፣ ለቀስተኛ የሚያመላልሰው፣ አስከሬን የሚሸኘው እሱ ነው። ሞተሩ ናፍጣ ነው። ጌታቸው በነፃ ይንከባከበው ነበር። አንድ ሰኞ ዘይቱን ሊቀይር የድሮውን ቀድቶ ከጨረሰ በኋላ ኛማልን ጠራት። መጣች፣ ባዶ እጇን።

"ያለኝ የቤንዚን ብቻ ነው" አለችው። "የናፍጣው ሐሙስ ይገባል። ሐሙስ ድረስ ትቁም።"

"ያለሽን ስጪኝና ሐሙስ እንቀይረዋለን።"

"አልሸጥልህም። የናፍጣ ሞተር ጥላሸቱ ሌላ ነው፤ ይሄ አያጥብለትም። ሦስት ቀን መቆም አቅቷት የሞተች መኪና የለችም።"

ነገሩ በዚህ አበቃ። ማክሰኞ ግን ከዕድሩ አባላት አንዱ ሞተ፤ ቀብሩ ረቡዕ ነው ተባለ። የዕድሩ ሊቀ መንበር አቶ ደምሴ፣ ኮሎሎ ሰፈር ሆቴል ያላቸው ሰው፣ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡና "ጌታቸው፣ መኪናዋን ለነገ አድርስልን" አሉት። ሞተሩ ውስጥ ጠብታ ዘይት የለም። "ሌላ ተከራዩ፤ ዘይት እየጠበቅሁ ነው" ቢል ማንም አይቀየመውም ነበር። እሱ ግን ሽማግሌ ፊት "አልችልም" ማለት የማይሆንለት ሰው ነው። "እሺ" አላቸው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አንድ ደላላ የታሸገ ጋሎን ይዞ መጣ። ጌታቸው ገዛው፤ ሞላውም። እኔ ይህን ያኔ አላየሁም። ምግብ ቤቱ ውስጥ ነበርኩ።

ረቡዕ ሚኒባሱ ያለ ችግር ሄዶ ተመለሰ። እንዲህ ያለ ዘይት በአንድ ቀን አይገድልም፤ እያቆየ ነው የሚበላው። ጌታቸው ሐሙስ ሊቀይረው አስቦ ነበር፤ ሐሙስ ሌላ ሥራ መጣ፤ ከዚያም መኪናው በደህና እየሄደ ነውና ተወው። ከሳምንታት በኋላ ግን በሌላ ቀብር ላይ፣ ቀትር ላይ፣ አስከሬን እንደጫነ ሚኒባሱ ጀበል መንገድ መሐል ጮኾ ቆመ። ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ወረደ። ሳጥኑን ከመኪና ወደ ኪራይ ፒክአፕ ሲያዛውሩት የሟች እናት መንገዱ ላይ ተቀምጣ "ልጄን ሁለት ጊዜ ጣላችሁት" እያለች አለቀሰች። በዚያ የነበረ ሰው ይህን ድምፅ አይረሳም። እኔም አልረሳሁም።

በማግስቱ ጌታቸው ሽማግሌዎቹ ባሉበት ሞተሩን ፈታው። ውስጡ ያለው ዘይት ዝፍት መስሏል። አቶ ደምሴ ጎንበስ ብለው አዩና፣

"ለመሆኑ ዘይት ከማን ነው የምትገዛው?" አሉት።

ጌታቸው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር። "እንደምታውቁት ከኛማል ነው" አለ።

የሆነው ይኸው ነው። ከዚያ በላይ አላለም። ከዚያ በላይ ማለትም አላስፈለገውም።

ኛማል ወሬውን ሰምታ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ጋራዡ መጣች። እኔ ሻይ ይዤ ገብቼ ነበር። ቀጥ ብላ ወደ ጥጉ ሄደች፤ ባዶ ጋሎኖች የሚጣሉበት ነው። ከመካከላቸው አንዱን አነሣች። ሆዱ አልተቀደደም። አገላብጣ አየችው፤ አሸተተችው፤ መልሳ በቦታው አስቀመጠችው።

"ጌትዬ፣ ይሄ የማን ነው?"

"እኔ እንጃ" አለ ጌታቸው፣ ሳያያት። "ስንቱ ሰው ነው እዚህ የሚጥለው።"

"እሺ" አለች። "ስታስታውስ ንገረኝ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ሻይ ጠየቀችኝ፤ ተቀምጣ ጠጥታ ሄደች።

አልገባኝም ነበር እላለሁ። ለመረዳት ግን ብዙ አልሞከርኩም። ባሌ ፊቱን ሲያዞር አይቻለሁ። ያልተቀደደውን ጋሎንም አይቻለሁ።

ሽማግሌዎቹ ጠርተው ሲጠይቋት "የኔ አይደለም" አለች። "ታዲያ የማን ነው?" ቢሏት፣ "የሚያውቀው ሰው ይነግራችኋል" አለች። ይህ አነጋገሯ ለእነሱ እንደ ድፍረት ነው የተቆጠረው። የሆቴል ባለቤቶቹ ለጄኔሬተራቸውም ለመኪናቸውም ከእሷ መግዛት አቆሙ። እነሱ ሲያቆሙ ሾፌሮቹ አቆሙ። ኮንቴይነሩን ለቃ ከገበያው ጀርባ፣ ጎማ ጠጋኞቹ ዘንድ፣ አንዲት ጠባብ ቦታ ያዘች። ምሳ ግን እኔ ዘንድ መብላቷን አላቋረጠችም። ስትገባ አንዳንዱ ሰው ሳህኑን ይዞ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ይሄዳል። እሷ ጮክ ብላ፣ "ሙልዬ፣ መርዝ ሻጯ መጥታለች፤ ወጥሽን ክደኚ" ትላለች። ትስቃለች። እኔም እስቅ ነበር። አብሬያት የሳቅሁት ሳቅ አሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ጌታቸው ኩላሊቱን ሲታመም ሆስፒታል ከጠየቁት ሁሉ አንድም ቀን ያልቀረች እሷ ናት። ከሰዓት በኋላ ሾርባ ይዛ ትመጣለች፤ ስለ መኪናዎች ታወራዋለች፤ ማን ምን ዘይት እንዳስሞላ፣ የማን ሞተር ጭስ እንደጀመረ። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ድካም መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን እሷ ከወጣች በኋላ እጄን ያዘ።

"ሙሉ፣ ዘይቱ የሷ አልነበረም።"

"የቱ ዘይት?" አልኩት፤ እያወቅሁ።

ሁሉንም ነገረኝ፤ የሰኞውን፣ የማክሰኞውን፣ የደላላውን። "ክዳኑን ስከፍት ሽታው ነግሮኛል" አለ። "ግን ሽማግሌዎቹን እሺ ብያቸዋለሁ።" ከዚያም፣ "ስድን ራሴ እነግራቸዋለሁ። አንቺ እንዳትነግሪ፤ ከእኔ አፍ ይስሙት" አለኝ።

አልዳነም።

አስከሬኑን ይዤ አገር ቤት ሄጄ ቀብሬው ተመለስኩ። የተዝካሩ ዕለት ዕድሩ በሙሉ ምግብ ቤቴ ውስጥ ነበር። አቶ ደምሴ ተነሥተው ስለ ጌታቸው ተናገሩ፤ "በእጁ ያለፈ መኪና ሁሉ የሚመሰክርለት ሐቀኛ ሰው" አሉ። ሴቶቹ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ባሌን ሲያመሰግኑልኝ ደስ ብሎኝ፣ ደስ ስላለኝም አፍሬ። ኛማል በጓሮ በኩል ነበረች፤ ከማንም ጋር ሳትቀመጥ ሰሃን ታጥባለች። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ።

"ኛማል፣ አንድ ነገር ልነግርሽ እፈልጋለሁ።"

እጇን ከውሃው አላወጣችም። "አውቃለሁ" አለችኝ። "ዛሬ አይደለም። ዛሬ እዘኚ።"

እኔም አዘንኩ። "ከእኔ አፍ ይስሙት" ያለውን የሙት ቃል ሰበብ አደረግሁት። ወር በወር ተተካ። ኛማል ምሳዋን እየበላች ትሄዳለች፤ እኔ አንድ ቀን እያልኩ እቀመጣለሁ። በመጨረሻ ማላካል ደርሼ ልምጣ አለችኝ። መንገድሽ ይቅና አልኳት። ያንኑ ብቻ ነው ያልኳት።

ለቅሶ የሄድኩት ኛቦል በደወለች ማግስት ነው። ቤታቸው እዚያው ጀበል ነው። ወንዶቹ ኒም ዛፉ ሥር ፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ኛቦል ውሃ አምጥታልኝ አጠገቤ ተቀመጠች። "ማሌሽ" አልኳት፤ እዚህ አገር ለሐዘንም ለጥፋትም የሚባለው ያው ነው። ከዚያ ቶሎ ካልተናገርኩ እንደማልናገር ስላወቅሁ፣

"ያ የዕድሩ መኪና ዘይት የኛማል አልነበረም። ጌታቸው ነው ከሌላ ሰው ገዝቶ ያደረገው" አልኳት።

"እናውቃለን" አለች።

"ማን ነገራችሁ?"

"እሷ። ያኔውኑ ነገረችን። ወንድማችን ተናዶ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ልሂድ አለ፤ እሷ ያዘችው። 'ሰውዬው ጓደኛዬ ነው፤ ራሱ ይናገራል፤ ቀድመን ከተናገርንበት ሌባ ይሆናል፣ ራሱ ከተናገረ ግን የተሳሳተ ሰው ነው' አለች። ከዚያ እሱ ሞተ።"

"ከዚያ በኋላስ?"

ኛቦል ቀሚሴን አየች። "ከዚያ አንቺ ጥቁር ለበስሽ። 'ሐበሾች ዘንድ ጥቁር የለበሰች ሴት ፊት ባሏ በክፉ አይነሣም፤ ስታወልቅ ራሷ ትናገራለች፤ እስከዚያ ማንም አፉን እንዳይከፍት' አለችን። እኛም ጠበቅን።"

ጥቁር ዓመት ነው የሚለበሰው። እኔ ዓመቱ አልፎም አላወለቅሁትም ነበር። ሰው "እንዲህ ነው ባልን ማዘን" ይለኛል፤ በዚያ እከበር ነበር። ኛቦል አጠገብ ተቀምጬ ትዝ ያለኝ፣ ኛማል አንድ ቀን ምሳዋን ጨርሳ ስትወጣ እጅጌዬን በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ዘይት እንደምትመረምር አሸት አድርጋ፣ "ሙልዬ፣ አሁንም ነው?" ያለችኝ ነው። የልቤን የጠየቀችኝ መስሎኝ "አሁንም ነው" አልኳት። "እሺ" አለች፤ ሄደች። ጥቁሩን የማወልቅበትን ቀን እየጠየቀችኝ ነበር ለካ። ጥቁሩን ያቆየሁት ለጌታቸው ነው ብዬ ነበር የማምነው። ምን ያህሉ ለእሱ፣ ምን ያህሉ ከኋላው ለመደበቅ እንደሆነ አሁን ለይቼ መናገር አልችልም።

እሑድ የዕድሩ ስብሰባ ላይ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሼ ሄድኩ። ሴቶቹ አይተው ጉንጬን ሳሙኝ፤ "እንኳን ለዚህ አበቃሽ" አሉኝ። ተነሥቼ ተናገርኩ። ደላላውን፣ ያልተቀደደውን ጋሎን፣ ጌታቸው አልጋው ላይ ያለኝን፣ ምንም አላስቀረሁም። አንዷ ከኋላዬ "ምስኪን፣ ለጓደኛዋ ስትል እኮ ነው" ስትል ሰማሁ። አቶ ደምሴ እጃቸውን አንሥተው፣ "ሐዘን ነው፤ ተቀመጪ ልጄ። የሞተ ሰው አይወቀስም" አሉኝ።

"ኛማልም ሞታለች" አልኳቸው።

ስብሰባው በጸሎት ተዘጋ።

ወደ ቤት የተመለስኩት ቀሎኝ አይደለም። ጌታቸውን ሁለተኛ ጊዜ የቀበርኩት መስሎኛል። ፎቶው ፊት ለፊት መቀመጥ አቃተኝ፤ ወንበሬን አዙሬ ነው እራቴን የበላሁት። ምግብ ቤቴ የሚመጣው ሰው እስከ ዛሬ ስለ እሱ የሚያወራው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ። በጊዜው አድርጌው ቢሆን ግን ቢያንስ የሚጠቅማት ሰው በሕይወት ነበረች።

በሳምንቱ አቶ ደምሴ ብቻቸውን መጡ። ሰዓቱ ሰው የሌለበት ነበር። በረንዳው ላይ፣ ድሮ ከሽማግሌዎቹ ጋር የሚቀመጡበት ወንበር ላይ፣ ተቀመጡ። ምን ላቅርብ ብላቸው ምንም አልፈልግም አሉኝ።

"የተናገርሽው እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

"እዚህ ስቀመጥ በዚህ በኩል ታልፍ ነበር" አሉ ወደ መንገዱ እያዩ። "ከገበያው ጀርባ ከሄደችም በኋላ በዚሁ ነበር የምታልፈው።"

"አዎ።"

"አንድ ነገር ትለኝ ነበር።"

"'ደህና ዋሉ አቶ ደምሴ' ነበር የምትለው።"

"እንዳልሰማሁ ነበር የምሆነው።" ባርኔጣውን በእጃቸው አዞሩት። "እሰማት ነበር፣ ሙሉ። በየቀኑ እሰማት ነበር።"

እኔም በየቀኑ፣ ከኋላቸው በሩ ላይ ቆሜ፣ እሰማት ነበር።